ቋሚ ክፍያ

ሱቄ ከወደብ ዳር፣ ሃል ከተማ ነው፤
ዳቦ፣ ወተት፣ ሳሙና የምቸረችረው።
ግን ጥር ገብቶ ብርዱ አጥንት ሲበላ፣
የሰፈሩን መብራት በቁልፍ ስሞላ፣
«ጨለማ አባራሪው» እያሉ ይጠሩኛል፤
በአምስት ፓውንድ ጨለማ የት ድረስ ይሸሽልኛል?

ቁልፉ ፕላስቲክ ነው፣ በር የማይከፍት ቁልፍ፤
ቆጣሪው ሲጎርሰው ጥቂት ሻይ፣ ጥቂት እንቅልፍ
ይተፋና ይዘጋል።
ባንክ የሚከፍልለት ቅናሽ አለው አሉ፤
በሳንቲም ለቃሚ ይከብዳል ውሉ።
ድሃ መሆን ለካ ውድ ነገር ኖሯል፤
አቅም የሌለው ሰው እንዴት ይችለዋል?

ልዘጋ ስል ሁሌ ሎረን ትመጣለች፣
የዓሣ ፋብሪካ ሽርጥ እንደታጠቀች።
ሥራ ፈት ናት እንዳትሉኝ፤ ሥራማ አላት፣
ሌሊት ዓሣ ታሽጋለች፣ ቀን ደግሞ ልጅ አላት።
ሳንቲሟን ባንኮኒው ላይ ትደረድራለች፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ፤
እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ፣
ቆጥሬ ያልጨረስኩ እንዲመስላት።

ዳርሲ ግን፣ ሰባት ዓመቷ፣
ከወተቱ ማቀዝቀዣ ኋላ ትሸጎጣለች፤
ሞተሩ የሚተፋውን ሙቅ ትንፋሽ በጀርባዋ እየተቀበለች
ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን መጽሐፍ ታነባለች።
ሃያ ዓመት በመርከብ ላይ ስንት ማዕበል አይቻለሁ፤
ከበረዶ ሳጥን የሚሞቅ ልጅ ግን
የብስ ላይ ነው ያየሁት።

መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሻጋታው ካርታ ሥሏል።
ለየደሴቱ ስም አውጥታለታለች፦
«ይሄ የድመት ደሴት፣ ይሄ የአክስቴ አፍንጫ፣
ያ ጥቁሩ ገና አልተገኘም።»
በየካቲት ያልተገኘው ደሴት
ደረቷ ውስጥ ተገኘ።

ዘጠኝ ሌሊት ሆስፒታል አደሩ።
እናት ዘጠኝ ፈረቃ ቀረች፤ የቀረ ፈረቃ አይከፈልም።
ቤቱ ዝግ፣ አምፖሉ ድርግም፣ ክብሪት እንኳ ያልተጫረበት።
ተመልሰው ቁልፉን ሲሰኩት
ቆጣሪው የሞላሁላትን አምስት ፓውንድ ዋጠና ዝም አለ።
ለካ ማንም በሌለበት
ጨለማው ሲቀለብ ከርሟል።
ቋሚ ክፍያ ይሉታል።
ቋሚ።
በዚያ ቤት ሌላ ቋሚ ነገር አላውቅም።

ችግሩ ብርዱን ወለደው? ወይስ ብርዱ ችግሩን?
የተማሩት ይከራከሩበት።
እኔ የማውቀው ሁለት ወንድማማች ሌቦች ነው፤
አንዱ አንገት ሲያንቅ አንዱ ኪስ ይፈትሻል፣
በማግስቱ ተራ ይለዋወጣሉ።

አሥር ፓውንድ ልሙላልሽ አልኳት።
«ምጽዋት ከሆነ ይቅርብኝ» አለች፣ ቁልፉን ጨብጣ።
«ዱቤ ነው» አልኩና ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤
በእርሳስ፣ ላላ አድርጌ፣
ጣት ሲነካው እንዲጠፋ።

ሲሄዱ መዝጊያውን አወረድኩ።
ከዚያ ማቀዝቀዣውን በትከሻዬ ገፋሁት፣
ከግድግዳው ትንሽ ራቅ፤
አንዲት ልጅ ከነመጽሐፏ
ሳይጠብባት የምትቀመጥበት ያህል።