አራት ወይስ ስድስት

የዌልስ ዝናብ መጥቶ ሄደ አይባልለትም፣
ስስ ነው፣ ግን ይዘልቃል፤ ማንንም አይምርም።
ችግኝ ጣቢያው መሐል፣ ተንበርክኬ በጭቃ፣
አረም እነቅላለሁ ጥፍሬ እስኪነቃ።
አለቃችን ግሪፍ፦ «ሁሉንም ንቀሉ፤
ፌጦ ያው ፌጦ ነው፣ ይውጣ ከነቅጠሉ!»

ኤሉነድ ግን አለች፣ ሰባ ዓመት ያለፋት፣
አጉሊ መነጽሯ ካንገቷ ወርዶባት።
እጄን ቀብ አድርጋ፣ «ቆይ፣ ቁጠር!» አለችኝ፤
ከሩዝ የማትበልጥ አበባ ሰጠችኝ።

«ወንዴዎቿ ስንት ናቸው?»
«አራት።»
                   «በል ተመልከት፤
ጸጉራሟ ፌጦ ናት፤ ሰፈሯ ድንጋይ ፊት።
ቅጠሏን መሬት ላይ እንደ ሰፌድ ዘርግታ፣
ቀጥ ብላ ትወጣለች ለማንም ሳትረታ።
ፍሬዋ ካበባዋ አልፎ ይሰግጋል፣
እንደ ቸኮለ ልጅ እናቱን ይቀድማል።»

ደግሞ ወደ ቦዩ፣ ወደ ጥላው ወርደን፣
ከውሃው ዳር ያለችን አንዷን ቀና አድርገን፣
ስድስት! አራት ረጅም፣ ሁለት አጫጭሮች፤
ካገዳዋም ላይ ብዙ ቅጠሎች።
በየአንጓው ትሰበራለች ወዲህና ወዲያ፣
ልግዛ አልግዛ እንዳለ ሰው ቆሞ ገበያ።

«እህትማማች ናቸው?» አልኋት። ሳቀችብኝ።
«ሊቃውንቱስ ይህን መርምረው ነገሩኝ፤
ስድስቷ ልጅ ናት፤ አራቷ ወላጇ፤
ሌላው በወንዝ ዳር ያገኛት መራራ ወዳጇ።»

አርባ ዓመት መዝግባለች፣ ባንድ ሰማያዊ ደብተር፤
«አራት» የሚል ረድፍ አለ፣ «ስድስት» የሚል ረድፍ አለ፣
ሌላ ቦታ የለም።
ያን ቀን ግን ከማሰሮዎቹ ሥር ጎንበስ እንዳለች
ዝም አለች።
ደግማ ቆጠረች። መነጽሩን በሹራቧ ጠርጋ
ለእኔ ሰጠችኝ።
አምስት።

ከወዲያ የግሪፍ ድምፅ፦ «አለቀ ወይ?»
አልመለሰችለትም። እርሳስ ጠየቀችኝ፣
ከረድፎቹ ውጭ፣ ከዳርቻው ላይ፣
እንደማይከፈል ዕዳ አሳንሳ ጻፈችው።

ደብተሩን ስትከድን ክንዷ ፍሬውን ነካው፤
ጧ! አለና ዘሩ ፊቷ ላይ ተረጨ፣
ከሽፋሽፍቷ፣ ከጢሜ፣ ከሻይ ኩባያዋ።
«እሱስ አይቆጥርም» አለች፣ ዐይኗን እያሸች።

ማታ ጫማዬን በር ላይ አራግፌ ገባሁ፤
በወሩ ከደረጃው ስንጥቅ ሁለት ቅጠል አየሁ።
ከቦዩ ይሁን ከድንጋዩ ገና አልታወቀኝም፤
ግሪፍ ቢሰማ ይስቃል፣
                   እስኪያብብ አልነቅልም።