አፍሳ ለቀመች

ደብዳቤው የመጣው በየካቲት ብርድ፣
ከዊኒፔግ ሰማይ ሲራገፍ የበረዶ ግርድ፣
የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ ራሱ ጣት ሲያነድ።
አንድ ቃል ነበረ መሀሉ ላይ ደምቆ፣
«ፖዘቲቭ» የሚል፤ ጉልበቴ ቀረ ወልቆ።
የበሽታውን ስም አልጠራም፣ ቤታችን አይገባም፤
ወረቀቱ ላይ ይብቃው፣ ግጥሜ ውስጥ አይወጣም።

ሐኪሙ በስልክ ላይ ድምፁን አለስልሶ
«ከአስር በሽተኛ ዘጠኙን ያገኛል» አለኝ መላልሶ።
ዘጠኝ ከአስር! እኔም ወዲያው ደመደምኩት፣
ቀሪ ዕድሜዬን በአንድ ትንፋሽ አከተምኩት።
የምነዳውን አውቶቡስ ለሌላ ላስረክብ፣
ኑዛዜዬን ልጻፍ፣ ያበደርኩትን ልሰብስብ።
ወንድሟ ጌታሰው ከካልጋሪ ደውሎ
«ነገውኑ ይውጣ! ምን ይጠበቃል?» ብሎ፤
እኔም «ይውጣ» አልኩ። ፍርሃት ዳኛ ሲሆን ቀጠሮ አይሰጥም፣
ምስክር አይጠራም፣ ማስረጃ አይሰማም።

እልፍነሽ ከሌሊት ፈረቃዋ መጣች፤
(ስሟም ቁጥር ነው) ደብዳቤውን ከእጄ አወጣች፣
ሁለት ጊዜ አነበበች፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣
እንባዋ ሽፋሽፍቷ ላይ ቆሞ፣ ሳይወድቅ።
«ከሺህ ሰው ስንቱ ነው፣ ባንተ ዕድሜ የሚይዘው?»
«እኔን ይዞኛል!» አልኩ። «ሐኪሙን ጠይቀው።»
ደወልኩ። ዝም አለ፣ ወረቀት አገላበጠ፣
«ከሺህ አስር» አለ፣ ድምፁ ተለወጠ።

ከፍሪጁ አናት ላይ አወረደች ጠርሙስ፣
አንድ አንድ ሳንቲም ሞልቶት፣ መዳብ፣ ዋጋ ቢስ፤
መንግሥት የሻራቸው፣ ባለሱቅ የናቃቸው፣
እሷ ግን «ይጠቅማሉ» ብላ ያኖረቻቸው።
ገለበጠችው። ጮኹ። ተንከባለሉ፣ ተበተኑ፣
ሺህ ሰው ምንጣፌ ላይ በየአቅጣጫው ሆኑ።
«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ያገሬ ሰው፤
እሷ ግን ያፈሰሰችው ልትለቅም አስባ ነው።

አስሩን ለየች መጀመሪያ፦ «እነዚህ ታማሚዎች፤
ዘጠኙን ይይዛል» ብላ ለብቻ አስቀመጠች።
«ዘጠኝ መቶ ዘጠና ጤነኛ ቀረልን።
ከነዚህስ ስንቱን በስህተት ይወስድብን?»
ሐኪሙ ገና ስልክ ላይ ነው፤ «ከመቶ ዘጠኝ ግድም።»
ሰማንያ ዘጠኝ ለቀመች፤ ጣቷ አልተንቀጠቀጠም።
ሁለቱን ክምር ገጠመች፣ ትንሹን ከትልቁ፦
«ይህ ደብዳቤ የደረሳቸው ናቸው፣ ዛሬ የሚጨነቁ።
ዘጠና ስምንት ናቸው። የታመሙት ዘጠኝ።
ዐይንህን ጨፍነህ አንዱን አንሳና አሳየኝ።»

አነሳሁ። ሌላም አነሳሁ። ጣቴ መዳብ መዳብ ሸተተ።
ለካስ ነገሩን ጆሮዬ ነው የገለበጠው፤
«ከታመሙት» የተባለውን «ከተጠረጠሩት» አርጎ ለልቤ የሰጠው።
ቢላው ይቆይ አልኩ። ሁለተኛ ምርመራ ተቀጠረ፤
ጌታሰው ስልኩን ዘጋ፣ «ቆጣሪዎች!» እያለ አማረረ።

አንድ ነገር ልናገር፦ ቁጥር አላዳነኝም።
«ደህና ነህ» አላለኝም፣ «ታመሃል» አላለኝም።
ከአስራ አንድ አንዷ አለች፤ እሷም ሳንቲም ናት፣
ሌሊት ትነቃለች፣ ጣሪያው ላይ አየኋት።
እልፍነሽም ሳንቲሙን ሁሉ ጠርሙስ ከመለሰች በኋላ፣
ያኔ ነው ያለቀሰችው፣ ፊቷን በኮቷ ተከልላ።

ዛሬ ፖርቴጅ ጎዳና ላይ አውቶቡሴን እነዳለሁ፤
ኪሴ ውስጥ አስራ አንድ ሳንቲም ይዣለሁ።
ቀይ መብራት ሲያቆመኝ ጣቴ ገብቶ ይዳስሳል፣
አንዷን ይፈልጋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ይቀዘቅዛል።
ቀጠሮዬ ዓርብ ነው።
አረንጓዴ ይበራል። ከኋላዬ ጥሩምባ ይጮኻል።
ግራ ቀኝ አያለሁ መጀመሪያ። ከዚያ አውቶቡሱ ይሄዳል።