ሚኒሞ

ስትሮጥ ደህና ናት።
ከለገሃር ተነስታ የቸርችልን ዳገት ስትቆናጠጥ፣
አራት ሰው ጭና፣ ፍራሽ ጣሪያዋ ላይ ታስሮ ሲንቀጠቀጥ፣
ሙቀት ቆጣሪዋ ከወገቡ በላይ አያውቅም መርገጥ።

ስትቆም ነው ጉዷ።
ብሔራዊ ቴአትር ጋ ቀዩ መብራት ሲረዝምባት፣
ፖስታ ቤት በር ላይ ሰው ስትጠብቅ፣ ፀሐይ ሳይበረታባት፣
ሚኒሞ ላይ፣ ያለ ጭነት፣ ያለ ሥራ፣
መርፌው ወደ ቀዩ ይሄዳል፣ ስሙ እንደ ተጠራ።

ሰው ሲለፋ ያልበዋል፤
ላዳዬ ስታርፍ ትግላለች።
በጥቅምት ፀሐይ ማሞቂያዋን እከፍታለሁ፣
ትኩሳቷን ልካፈላት፤
ተሳፋሪው መስኮት ያወርዳል፣ እኔን ያያል፣ ዝም ይላል።

ሰልፍ ላይ ያለ ሁሉ ሐኪም ነው።
ተካልኝ፣ «ቴርሞስታቱን ንቀለው፣ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ፤
ነቀልኩት።
አብዱልሰመድ፣ «ፖምፓው ነው» አለኝ፤
የፍሬሰላምን የትምህርት ቤት ክፍያ
ፖምፓ ገዛሁበት።
ዘውገ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ፣
ትከሻዬን ይዞ፣ «ጓርኒሲዮን ነው፣ ወንድሜ፤
ቴስታታው ከተነሳ…» ብሎ ቀሪውን ዋጠው።
እሱ የዋጠውን እኔ በብር ስተረጉመው ነጋ።

ጋሽ ሽኩር፣ ሶማሌ ተራ፣ ቶሎ አይናገርም።
«አስነሳት፤ ነዳጅ አትርገጥ» አለኝ። አልረገጥኩም።
የሻይ ብርጭቆውን ባትሪዋ ላይ አስቀመጠ፤
ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ተንቀጠቀጠ።
የላይኛውን ቱቦ ያዘ፤ ያቃጥላል።
የታችኛውን ያዘ፤ ይሞቃል።
«ውሃህ ይዞራል።
ቺንጊያህ አልላላም። ፖምፓ በከንቱ ገዛህ።»
የዘይት መለኪያውን መዞ ወደ ብርሃን አነሳው፤ አረፋ የለም።
«ቴስታታህም ምንም አልሆነም።»
የዘውገ እጅ ከትከሻዬ ላይ ያን ጊዜ ተነሳ።

ከዚያ ቬንትሌተሩ ጮኸ፤ ዞረ።
«ይኸው፣ እሱም ይሠራል!» አልኩ፣ እንደ አባት ኮርቼ።
«መዞሩን አይቻለሁ» አለ። «ወዴት ነው የሚነፍሰው?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ከደረት ኪሱ ቁጥሩ የከዳውን የሎተሪ ትኬት አወጣ፣
ከፊቷ፣ ግሪሏ ላይ ያዘው።
«የምትስብ ከሆነ ይለጠፋል» ብሎ ጣቱን ፈታ።
ትኬቱ ተፈናጥሮ ደረቴን መታ፤
ከሆዷም ትኩስ ትንፋሽ ተከተለው፣ ሳያመነታ።

«ማን ነካካት?»

ሐምሌ ላይ፣ ጎርፍ ውጦ ከተፋት በኋላ፣
ከስታዲየም ጀርባ አንድ ልጅ አዲስ ቬንትሌተር አስሮላት ነበር፤
ቀዩን ሽቦ ከጥቁሩ፣ ጥቁሩን ከቀዩ አጋብቶ፣
«ጨረስኩ፣ ፋዘር» አለኝ።
ዞረ። አየሁ። መረቅኩት።

አራት ወር ሙሉ በቅንነት ዞረ፤
አንድ ቀን አልሰነፈ፣ አንድ ቀን አልቀረ፣
የሞተሯን እሳት መልሶ ራዲያተሯ ላይ እየተፋ።
ስንሮጥ መንገዱ ያሸንፈው ነበር፣
የሜዳው ንፋስ በፊቷ ገብቶ ለሁለት ሲለፋ።
ስንቆም ግን
ከራሳችን ሌላ ንፋስ አልነበረንም።

ጋሽ ሽኩር ሁለቱን ሽቦ በፒንሳ አፋታ፣ አለዋወጠ።
ሻዩ ገና አልቀዘቀዘም።
«ቴርሞስታቷን መልስላት፤ ጠዋት ጠዋት ይበርዳታል።»
ትኬቱን ከመሬት አንስቶ አቧራውን አራገፈ፤
ግሪሏ ላይ ሲያስጠጋው፣ ጧ ብሎ ተለጠፈ።
«ለኔ ያልወጣው ላንተ ወጣ» አለ፤ «የሻዩን ክፈል።»

ማታ፣ ሜክሲኮ፣
መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ጥሩምባ ሲያናፋ፣
አንዱ ሾፌር ወርዶ በባዶ እጁ ትራፊክ ሲያስተናብር፣
ሃያ ደቂቃ በአንድ ቦታ ቆምን።
ቬንትሌተሩ ይነሳል፤ ይነፍሳል፤ ይተኛል።
መርፌው ከወገቡ ንቅንቅ የለም።

ከኋላ የተቀመጡት ሴትዮ፣ ዘንቢላቸውን ታቅፈው፣
«እንዲህ ተዘግቶ ምን ያሥቅሃል፣ ልጄ?» አሉኝ።
ከየት ጀምሬ ልንገራቸው?
«ቆመናል» አልኳቸው።