ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ

ናጋሳኪ ወደብ፣ ከሐዲዱ ሥር፣ የኩሪሞቶ ሱቅ
ቁም ሣጥን ታክላለች፤ ሁለት ሰው ከገባ
ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ዝናቡን ሲጠብቅ።
መደርደሪያው ዐይን ብቻ፣ ሁሉም ያገለገለ፣
የማያውቀውን ሰው ሠርግ አይቶ የመጣ፣
ገሚሱ የተጫረ፣ ገሚሱ ሻጋታ ያበቀለ።

«ለምኑ ነው?» አለኝ።
«ለፊት።»
«ለየቱ ካሜራ?»
ሁለቱን ዘረጋሁ ከመስታወቱ ላይ፦
ትልቁ ጡብ ነው፣ ትከሻ የሚያጎብጥ፣
ሴንሰሩ የቴምብር ስፋት ያለው ሜዳ፤
ትንሿ ከካፖርት ኪስ ገብታ የምትወጣ፣
ሴንሰሯ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ጓዳ።

«ለፊት ሰማንያ አምስት ነው ይላል ያገኘሁት ሁሉ።»
«እውነት ነው፣ ለጡቡ። በትንሿ ግን፣ በውሉ
ካሰብሽው፣ ሰማንያ አምስት እንደ መቶ ሰባ ያያል፤
ምን ልታደርጊ ነው? ሴትዮዋን ከባሕር ማዶ
ቆመሽ ልትጠሪያት? ድምፅሽስ የት ይደርሳል?»

ሥራዬን ነገርኩት። ደሴት ለደሴት በጀልባ እዞራለሁ፣
ሽማግሎች ገና በቁማቸው ሳሉ የሚያስነሡትን፣
ለቀብራቸው ቀን የሚሆነውን ፊት አነሣለሁ።
አምና በናካዶሪ፣ በስድስት ሰሌን ክፍል፣
እማማ ታማኤ፣ የዘጠና አንድ ዓመት እመቤት፣
ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ጥቁር ሐር ለብሰው ተቀመጡ።
ግድግዳው ጀርባዬን ገፋኝ፤ ዙሙን አሰፋሁ፤ ተጠጋሁ፤
አፍንጫቸው ቀድሞ መጣ፣ ጆሮዎቻቸው ወደ ኋላ ቀሩ።
ፎቶውን አዩና አዩና፣ «ይህን አፍንጫ» አሉኝ፣
«ከየት አመጣሽው? ሟቹ ባሌ በዚያኛው ዓለም
ይህችን ሴት አላውቃትም ብሎ በር ይዘጋብኛል።»

ኩሪሞቶ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ።
ከዚያ፦
«ሌንሱን አትውቀሺ፤ ያጠፋው እግርሽ ነው።
ፊትን የሚሠራው ርቀት እንጂ ብርጭቆ አይደለም።
ሴንሰር መቀስ ነው፤ ይቆርጣል እንጂ አያቀርብም።
ዙምም መቀሱን ማጥበቢያ፣ ማስፊያ ነው፤ አፍንጫ አያርምም።
ሰው ሲያወጋሽ ከስንት ክንድ ላይ ትቀመጫለሽ?
እዚያ ቁሚ መጀመሪያ። ቁጥሩን በኋላ ትመርጫለሽ።»

ከጓዳ አንድ ዙም አወጣ፣ ለትንሿ የተሠራ፣
ከሠላሳ አምስት እስከ መቶ፤ ቀለበቱ ላይ ጭረት፣
ዋጋው የአዲሱ ሲሦ። ለጡቡም ከሰባ እስከ ሁለት መቶ
ነበረው፣ ሕፃን የሚያህል፤ አነሣሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት።
ጀልባው ላይ፣ ዳገቱ ላይ የምሸከመው እኔ ነኝ።

«ሞክሪው» አለኝ።
«በማን?»
ከሌንሶቹ መካከል በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣
መነጽሩን ጠረገ፣ አደረገ፣ ደግሞ አወለቀ።
«አርባ ዓመት ይህን ሁሉ ዐይን ስሸጥ
አንዱም እኔን አላየኝም። የቀብር ፎቶ የለኝም» አለ፣
ስለ አየሩ ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፦ በሩን ነካሁ።
ሁለተኛው፦ ዝናብ ውስጥ ገባሁ።
ደጅ ይጠብቅ የነበረው ወጣት ጃንጥላውን ዘረጋ፣
ለእኔ አይደለም፣ ለካሜራዬ።
ከዚህ ላይ አፍንጫው የራሱ አፍንጫ ነበር፣ ጆሮው ጆሮው።
ቀለበቱን ሳዞር የተቆረጠው መደርደሪያው ብቻ ነው፤
አርባ አምስት ላይ ከኋላው ያሉት ዐይኖች ሁሉ
ደብዝዘው፣ ደብዝዘው፣ ብርሃን ብቻ ሆኑ።
ሳሉን ዋጥ አድርጎ ዝም ሲል፣ ያኔ ተጫንኩት።

ለፎቶው አልተከፈለኝም። ከሌንሱም አንድ የን አልቀነሰም።
«ሥራ ሥራ ነው» አለ፤ ከረጢቱን ግን
ዝናቡን አይቶ ሁለት አድርጎ ደረበልኝ።

ጀልባው ነገ ማለዳ ይነሣል።
እማማ ታማኤ ዘጠና ሁለት ሊሆናቸው ነው፤
ክፍሉ ያው ስድስት ሰሌን፣ አልሰፋም።
ግን ተንሸራታች በር አለው፤ ከበሩ ማዶ
የሽንኩርት መደብ።
በሩን እከፍታለሁ፣ ጫማዬን አጠልቃለሁ፣
ሽንኩርቱን ይቅርታ ጠይቄ እቆምበታለሁ።