ግማሽ ጋሎን ነጭ

«ስምህ?» አሉኝ ዳኛዋ። «አራጋው እንድሪስ።»
«ሥራህ?» «መንገድ መቀባት፤ ሌሊት፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደሴ ላይ ሲፈስ፤
በጉልበቴ እየዳህሁ፣ በገመድ እየለካሁ፣
እግረኛ ይለፍበት ብዬ ዜብራ እየዘረጋሁ።
አንድ ነጭ፣ አንድ ክፍት፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ክፍት፤
የሸዋበሩም የኔ ነው፣ እሷ የወደቀችበት።»

ተዋበች ይማም ልብስ ሰፊ ናት፤
ባለመርገጫ ሲንጀር አላት።
ቀኝ እግሯ ነው ሞተሩ፣ ቀኝ እግሯ ነው ደመወዟ፤
ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ የሰው ሱሪ በብብቷ ይዛ
ሦስተኛው ነጭ ላይ ሳለች፣
አይሱዙው መጣ፣ ሽንኩርት እንደጫነ፣
ሐረጎን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ የወጣ፣ ከተማ ሲገባ የጀገነ።
ጡሩንባው የጮኸው ከመታት በኋላ ነው።
አንድ ጫማዋ አራተኛው ነጭ ላይ ቀረ፤ ያነሳላት ሊስትሮው ነው።

ሽማግሌዎች ሄዱ፣ አልጋ ቁጥር ዘጠኝ፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው፤
«አላህ ያዘዘው ነው ልጄ፤ ችሎት ለችሎት ከመንከራተት፣ ስምንት ሺህ ብር ይኸው፤
እዚህች ላይ ብቻ ፈርሚ።»
እሷ ጄሶዋን አየች፣ ጣሪያውን አየች።
«አባቶቼ፣ ስብራቱን ካዘዘ፣ ካሳውንም አዟል።
ሹፌሩ ገና ልጅ ነው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ይቅር ብዬዋለሁ፣ አልፏል።
ይቅርታው ለሰውየው ነው፤
ሒሳቡ ግን ለመኪናው።»

ጠበቃው ፎቶ አወጣ። «ክብርት ዳኛ፣ ይዩት ይኸን፤
ነጭ የሚባል ነገር የለም፤ አስፋልት ብቻ ነው ያለን።
በሌለ ማቋረጫ ላይ ማን ለማን ቅድሚያ ይሰጣል?»
ወደኔ ዞረ። «ቀባሁ ያለው ሰውዬስ ምን ይለናል?»

ላቤ መጣ።
ሰኔ ላይ ነው። አራት ጋሎን በፊርማዬ ከመጋዘን ወጣ፤
ሦስት ተኩሉን በነጭ ጋዝ አቀጠንኩት፤
ግማሹን፣ ልጄ ልታገባ ነበርና፣ ለቤቴ በር አዋልኩት።
የሐምሌ ዝናብ የሸዋበሩን ላሰው፤
የቤቴ በር ግን እስካሁን ነጭ ነው፣ ሰርገኛ ሁሉ ያወደሰው።

ምዬ ነበርና ተናገርኩ። ችሎቱ ዝም።
ተዋበች ክራንቿን ተደግፋ አየችኝ፤ ስድብ አልነበረውም ዓይኗ፣ ምሕረትም።
መብቷ በነጭ ጋዝ ሟሙቶ፣
ከኔ ብሩሽ ጫፍ ተንጠባጥቦ፣ በጎርፍ ተወስዶ
ቱቦ የገባ መሰለኝ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ።
«ስለ ነጩ አልጠየቅሁም» አሉ።
«ባለሞተር ተሽከርካሪ ሰው ከጎዳ፣ ባለንብረቱ ይከፍላል፤
እኔ አላጠፋሁም ቢልም። ሁለት ሺህ ሰማንያ አንድን ያንብቡ፣ እዚያው ተጽፏል።
የተሰበረው እግሯ ነው፤ ቀለሙ አይደለም።
አንተ ግን» አሉኝ፣ «ያንተ መዝገብ ሌላ ነው፤ ዛሬ አንከፍተውም።»

መድን ድርጅቱ ከፊሉን ከፈለ፤ የሦስተኛ ወገን ስቲከሩ መስታወቱ ላይ ነበር፣ ከጥቅሱ ጎን፤
የቀረውን ባለመኪናው በየወሩ ያመጣል፣ አንዱን ወር ረስቶ፣ አንዱን አጉድሎ ቢሆን።
ተዋበች በግራ እግሯ መርገጥ እየለመደች ነው።
ስፌቱ ትንሽ ይጣመማል፤
ደንበኛው አይቶ እንዳላየ ይለብሰዋል።

እኔም ዜብራውን ሁለት እጅ ቀባሁት፣ ሳላቀጥን፣ በራሴ ብር።
ሸዋበር ዛሬ ያበራል፤ መኪናው አሁንም አይቆምም፣ እሱ ሌላ ነገር።

ጠዋት ጠዋት ግን፣ ለሥራ ስወጣ፣
ከገዛ ቤቴ በር ፊት እቆማለሁ፤
እዚያ ነጭ ላይ እግሬን ሳላነሳ
ግራ አያለሁ፣
ቀኝ አያለሁ፣
ከዚያ እሻገራለሁ።