ጋቢ የለበሰ አተር

ሐረጎን በቀን ስድስቴ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፤
ላይ ስደርስ ሹራብ እደርባለሁ፣ ታች ስደርስ አወልቃለሁ።
ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ናት፣ የሁለት አገር አየር፤
ደሴ በጉም ተሸፋፍና፣ ኮምቦልቻ በወበቅ ስታድር።

ሉባባ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሱሪ ትሰፋለች፤
የማታ ፈረቃ ሲደርሳት እኩለ ሌሊት ትገባለች።
እኔ ደግሞ መሪ እንጂ ቢላዋ ይዤ አላውቅም፤
ሽንኩርት ስከትፍ ያየኝ ሰው፣ እንኳን ሊበላልኝ አይስቅም።

አንድ ቀን ፒያሳ ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣
ሱፐርማርኬት ገባሁ፣ ለመግዛት ሳይሆን ለማድነቅ።
ዘሐራ የምትባል ሻጭ ፍሪዘሩን ከፍታ፣
አንዲት ከረጢት አወጣች፣ እንደ ጠጠር አንኳኩታ።
«አተሩ ተፈልፍሏል፣ ካሮቱ ተከትፏል፤
ታጥቧል፣ ግማሽ በስሏል፤
ጋሼ፣ ድስት ላይ መገልበጥ ብቻ!» አለችኝ፤
ጭንቄን ማን እንደ ነገራት እንጃ፣ ገላገለችኝ።
ዋጋውን አልናገርም፤ ሉባባ ጆሮ ይደርሳል፤
ሰኞ ገበያ ቢሆን አንድ ቁና እሸት ይሸምታል።

ጋቢናው ወንበር ሥር ወሸቅኳት፣
ሞተሩ እዚያው እንደሚነድ ረስቼ።
ሐረጎ ሦስተኛው ኩርባ ላይ
አንዲት እናት እግራቸውን አንሥተው፣
«ኧረ ሹፌር! የማን ልጅ ነው?» አሉ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው።
አጠገባቸው ያለችው ወጣት ሕፃኗን ገልብጣ አየች።
ደረቅ ነው።
ረዳቴ ይመር ከኋላ ተንጠራርቶ፣
«ሽንትስ አይደለም፤ ካሮት ካሮት ይላል» አለ፣ ጣቱን አሽትቶ።
መኪናው ሙሉ ሳቀብኝ፤ እኔ ጆሮዬ ግሞ፣
እስከ መናኸሪያ ነዳሁ፣ አፌ ተለጉሞ።
ቤት ስገባ ከረጢቷ አረንጓዴ ኩሬ፣
ውስጧ የሚዋኝ እፍኝ የማይሞላ ፍሬ።

በሳምንቱ ሌላ ገዛሁ። ነገሩ እልህ ሆነ።
በጋዜጣ ጠቀለልኩት፤ በላዩ ጋቢዬ ተጫነ።
ይመር ቆሞ አየኝና፣
«ሙሄ፣ ሰው ጋቢ የሚለብሰው እንዳይበርደው ነው፤
አንተ እንዳይሞቀው ነው ያለበስከው!»
ይበል። ጋቢው አላሳፈረኝም።
ከረጢቷ ኮምቦልቻ ስትገባ እንደ ድንጋይ ነበረች።

ድስት ጣድኩ፣ ዘይት ጨመርኩ፣ ገለበጥኩት። ቸስ አለ።
ነጭ ጉም ተነሥቶ መስኮቱን ሸፈነው፤
የደሴን ጠዋት ጭኜ ያመጣሁ መሰለኝ።
ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ሉባባ ጫማዋን ሳታወልቅ ቀመሰች።
አኘከች።
«ጨው ረስተሃል።»
ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣
«ጨምርበት።»
«ጨው?»
«ራሱን።»

ጣዕሙን ለሚጠይቀኝ ሰው እውነቱን ልናገር፦
ጣፋጭ ነው፤ የሚጎድለው ወሬ ነው።
እሸት ሲፈለፈል ደጃፍ ላይ ሦስት ቤት ይታማል፣
የተኳረፈ ይታረቃል፣ የታረቀ ይኳረፋል፤
ይሄ ማንንም ሳያማ ነው ድስት የገባው።

ረውዳ፣ ትንሿ ልጄ፣ አንዲት ፍሬ ደብቃ
የወተት ጣሳ ውስጥ ቀበረች፣ ውሃ አጠጣች።
በየጠዋቱ ከእንቅልፏ ስትነቃ፣
«አባ፣ ብርዱ ለቀቃት?» ትለኛለች።
የተቀቀለ ዘር እንደማይበቅል ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤
ፀጉሯን አሻሸሁና ወደ ሥራ ሄድኩ።

ሰኞ ገበያ ወርጄ አንድ ፍሬ ደረቅ አተር ለመንኩ።
«አንድ?» አሉኝ ሽማግሌው፣ ሚዛናቸውን አስቀምጠው።
«ለጣሳ ነው።»
ምን እንደ ገባቸው አላውቅም፤ እፍኝ ሙሉ ሰጡኝ፣ ሂሳብ አልጠየቁኝም።
ሌሊት ሁሉም ሲተኛ አፈሩን በጣቴ ፈነቀልኩ፤
አንዷ ብትከዳኝ ብዬ ሁለት ቀበርኩ።

በስምንተኛው ቀን ረውዳ ጮኸች፤ ጎረቤት ወጣ።
«አልቀዘቀዘችም! አልቀዘቀዘችም!»
ሉባባ ጎንበስ ብላ ጣሳውን አየች፣
ቡቃያዎቹን በጣቷ ቆጠረች፣ አንድ፣ ሁለት፣
ቀና ብላ እኔን አየችኝ።
እኔ የመኪናዬን ቁልፍ እፈልግ ነበር፣ እጄ ላይ ይዤው።

«እማ፣ እኔ የተከልኩት እኮ አንድ ነው!»
«እንግዲህ» አለች ሉባባ፣ «መንታ ወልዳለቻ።»