የደጋ ልክ

ገና አሥራ ሁለት ተኩል ነው፤ ውርጩ ከመስኮቱ አልለቀቀም፤
የመሐል ሜዳው አውቶቡስ ጥሩምባውን ገና አልነፋም።
ግዛቸው ገንዳውን ሞልቶ፣ ጠርዙን በጨርቅ ያብሳል፤
"የደብረ ብርሃን ጠዋት!" ይላል፤ ጣቶቹ ላይ ይተነፍሳል።

ይህ ውሃ ለእኛ ሰው ነው፤ ስለ በሽተኛ የሚቆም፣
ጨረር ሲያልፍበት ዝም የሚል፣ የማያቃስት የማይታመም።
አሥር ሳንቲ ሜትር ጠልቃ፣ ሆዱ ውስጥ ትቀመጣለች
መለኪያችን፤ ብትታይ የጣት ጫፍ ታክላለች።
ሌላ ጥሪት የላትም፤ አየር ብቻ ነው ሀብቷ፤
ጨረር ያን አየር ሲመታው፣ ያኔ ይፈታል አንደበቷ።

የደጋ አየር ግን ስስ ነው።
ቁናዋ ያው ቁና ቢሆን፣ እህሉ እስከ አፍ አይሞላላት፤
አሳንሳ ብትናገርም፣ ውሸታም ናት አትበሏት።
የጎደለውን የምንሞላው እኛ ነን፣ በሒሳብ፣
ተራራው ስንት እንደወሰደ በየማለዳው በማሰብ።

ማክሰኞ ዕለት
የግፊት መለኪያው ተሰብሮ፣ ጥላዬ ስልኩን ከፈተ፤
"አንድ ሺህ ሃያ" የሚል ቁጥር ከትንበያው ሸመተ።
"ማሽኑ ደክሟል" አለኝ ደርሶ፣ "ጨረሩን ከፍ ላድርግለት?"
ቁጥሩን አየሁት። ትክክል ነው፣
ምጽዋ ላይ ቤት ለሠራ ሰው፣ ደጁ ባሕር ለሆነለት።
የእኛማ ሰባት መቶ ከምናምን ነው፣ ያውም ጠግበን ስንተነፍስ፤
አሥር ያልነው አሥራ አራት ሆኖ ሊወርድ ነበር በሰው ነፍስ።

እጄ ቀዘቀዘ። ብርዱ አልነበረም።

ከሜትሮሎጂ ጣቢያ መለኪያ ተውሰን፣ እንደገና ለካን።

የዚያን ዕለት አምስት ሰዓት ላይ፣ አሰገደች ባናዋን ደርባ መጣች፣
ሞላሌ ገበያ ገብስ ስትሰፍር ሠላሳ ዓመት የቆየች፤
ቁና ሲነቀነቅ፣ ሲጠቀጠቅ፣ በድምፁ ብቻ የምታውቅ።
ከአልጋው ወርዳ ነጠላዋን እያስተካከለች፣
"ዛሬስ ስንት ሰፈራችሁልኝ?" አለች።
"ልክሽን።"
"ልኬንማ በሽታው አስገብቶኛል!" ብላ ሳቀች።
ጥላዬ አልሳቀም።

መዝገቡ ፊት ቆሞ ነበር፣ ላጲሱን ይዞ በጣቱ።
"አትፋቀው" አልኩት፤ "አንድ መስመር ብቻ አስምርበት፣
ከሥሩ ይታይ ስህተቱ።"
አሰመረ። ሰባት መቶ ሃያ ሦስት ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ።
እኔም ከጎኑ።

አሁን አዲስ መለኪያ አለን። ጥላዬ ሁለቴ ያነባል፤
ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፣
ግዛቸው ከገንዳው ማዶ ይደግማል።